እስከ የካቲት ዘጠኝ አልጽፍም

ከቤታችን፣ ሞላሌ አጠገብ
ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጆቼ እናት፣ ለአረጋሽ፤

የሐዋሳ ሙቀት ጉልበትሽን እንዳሻለው እየተመኘሁ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ልጃችን ትሕትና፣ ባለቤቷና የልጅ ልጃችን እየሩስም ደህና ይሁኑ። እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ተከታትሎ ውርጭ ወርዶ ከደጁ ያለው ጎመን ተቃጠለ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አልደረሰብንም። በጎቹ ሁሉም አሉ። ዶሮዎችሽ እንቁላል መጣል አቁመዋል። ምን እንዳደረግኋቸው እንጃ፤ ጥሬውን በሰዓቱ እበትናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። ፊደሉን ትልልቅ ያደረግሁት ለዚያ ነው። እየሩስ ጎበዝ አንባቢ መሆኗን አውቃለሁ፤ ይህ ግን በየዓርቡ እንደምታነብልሽ ያለ ጽሑፍ አይደለም። መነጽርሽን ስትሄጂ ከመስኮቱ ላይ ረስተሽው ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልዬ አብሬ ልኬዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሰብሊ ዕረፍቷን ጨርሳ ነገ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዋ ስለምትመለስ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

አዎ፣ እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ። በኅዳር ወር ከጽሑፌ ግርጌ እየሩስ እንዲህ ብላ አስተያየት ጽፋ ነበር፦ «አያቴ፣ እኛ ቤት በየዓርቡ ሁለት ሆነን ነው የምናነበው፤ አንዷ ግን እንዳትናገሪ ብላኛለች።» ልጅቷ ምስጢር አይቋጠርባትም። በዚህ እኔን መስላለች መሰለኝ።

እንግዲህ ባለፈው ዓርብ ምንም ሳታገኙ በመቅረታችሁ ደንግጣችሁ ከሆነ መጀመሪያ የገጹን ነገር ላስረዳ። ጽናት ብሎግ ትለዋለች፤ እኔ ገጹ እላለሁ። ያው የምታውቂያት የኮምፒዩተር መምህሯ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየገበያው ቀን ከኮምፒዩተር ክፍሉ ጥግ ወንበር እየሰጠችኝ በአንድ ጣቴ ስለቅም የምታየኝ። ትምህርት ቤቱ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ጥር ሃያ ሁለት ተዘጋ፤ የሚከፈተው የካቲት ዘጠኝ ነው። ክፍሉ ሲቆለፍ እኔም ተቆለፍኩ ማለት ነው። የመዝጊያው ዕለት ጽናት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቀየት ከተማ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ልትሄድ ስትል እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ ለአንባቢዎችዎ ለአጭር ጊዜ ዕረፍት እንደሚወጡ ይንገሯቸው።»

«እኔ ዕረፍት አልወጣም። የሚያርፈው ትምህርት ቤቱ ነው።»

«ያው ነው። ሰዎች እንዲህ ብለው ያስታውቃሉ።»

«ማን ጠይቆኝ? ሁለት ሳምንት ዝም ብል የሚጎድልበት ማን ነው?»

«የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም» አለችና የእየሩስን አስተያየት ከፍታ አሳየችኝ። እኔ ካነበብኩት ቆይቻለሁ። እሷም እንዳነበብኩት ታውቃለች።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ «የኮምፒዩተሩ ክፍል ስለሚዘጋ እስከ የካቲት ዘጠኝ አልጽፍም። ሞቼ አይደለም።» ጽናት የመጨረሻዋን ቃል እናውጣት ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። ዝምታዬን ሰምታ ሞተ የምትል አንዲት ሴት ሐዋሳ አለችኝና። ወይም ይሙት የምትል። ሁለቱንም ነው የፈራሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን በቅደም ተከተል ካልጻፍኩት እጄ አይታዘዘኝም።

በጥቅምት ወር ስለ ጓሳ ሕግ ጻፍኩ። አባቶቻችን የቤት ክዳኑ ሣር እንዲያገግም የጋራውን የጓሳ ምድር ዘግተው እንዴት እንዳቆዩት፣ ሳይከፈት በፊት ማጭድ ያነሣ ሰው እንዴት ይቀጣ እንደነበር። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ግን ሕግ ዘመድ እንደማይለይ ላሳይ ብዬ የወንድምሽን የተገኘን ስም አነሣሁ። በ1991 የእናታችሁ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ተገኘ ጓሳ ሳይከፈት ገብቶ ሣር አጭዷል አልኩ። ማስረጃዬ የራሴ ደብተር ነበር። «የካቲት 17፣ ተገኘ በአምስት አህያ ሣር አመጣ» ይላል፤ ዛሬም ይላል። በዚያ ዓመት ሽማግሎቹ መክፈቻውን በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ቆርጠውት ነበር። ጾሙ መቼ እንደገባ ደብተሬ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ እዚያው የትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ ሆኜ ባሕረ ሐሳቡን በቃሌ አሰላሁትና የካቲት 22 አገኘሁ። እንግዲያው ተገኘ አምስት ቀን ቀድሟል ብዬ ፈረድኩ።

ከዚያ የሆነውን አንቺ አይተሻል። ስልክ ያለው ሁሉ ገበያ ላይ አነበበው። ሃያ ዓመት የጓሳ ጠባቂ ሆኖ የተመረጠውን ሰው «አባ ማጭድ» ብለው ስም አወጡለት። ጥበቃውን በገዛ ፈቃዱ ተወ። ሰንበቴ መምጣት አቆመ። አንቺም አጥፋው ብለሽ ለመንሽኝ። እኔ እውነት አይጠፋም አልኩ። ሻንጣሽን ይዘሽ ከበሩ ቆመሽ ያልሽኝን ሰባቱንም ቃል አልረሳሁም፦ «ካንተ ጋር መኖር ሁልጊዜ ችሎት መቆም ነው።» ለትሕትና ሳምንት እቆያለሁ ብለሻት አራተኛ ወርሽ ነው።

ዕረፍቱ ሲጀምር ጽናት አንድ የቤት ሥራ ሰጥታኝ ነበር። ከዕረፍት መልስ ተማሪዎቹ እንዲያነቡት የጾም መግቢያ እንዴት እንደሚሰላ ይጻፉልን አለች። እኔም በነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጬ ወረቀትና እርሳስ ያዝኩ። ለምሳሌ የትኛውን ዓመት ልውሰድ ስል 1991 መጣልኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ዓመት የመረጥኩት ልክ መሆኔን ደግሜ ለማየት ነበር።

1991 ላይ 5500 ሲደመር የሚገኘው ዓመተ ዓለም ለዐሥራ ዘጠኝ ይካፈላል። ቀሪው አምስት ነው። ከቀሪው ላይ አንድ ይቀነሳል፤ አራት ይሆናል። በአራት ሄድኩ። ጾሙ የካቲት 8 ገባ።

ተሳስቻለሁ ብዬ እንደገና አሰላሁ። የካቲት 8። ሦስተኛ ጊዜ ወረቀት ቀይሬ አሰላሁ። ያው ነው። በጥቅምት በቃሌ ሳሰላ ያቺን አንድ ሳልቀንስ በአምስት ሄጄ ነበር። ከመሪጌታ እግር ሥር ሳልቀመጥ የተዋስኩትን ደብተር ገልብጬ ራሴን አስተማርኩ እያልኩ አርባ ዓመት የተኩራራሁበት ስሌት ነው። ገና ሀሁ የያዘ የቆሎ ተማሪ አይስታትም።

ተገኘ ሣሩን ያጨደው ጓሳ ከተከፈተ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ንጹሕ ነው።

ያን ቀን ምንም አልበላሁም። ጾም ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መሽቶም አልበላሁም። ደግሞ የማፍረው በስሌቱ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንቺ አጥፋው ስትይኝ ወረቀት አንሥቼ አንዴ ባሰላ ኖሮ ያኔውኑ ይገለጥ ነበር። ያላሰላሁት ልክ ነኝ ብዬ ነው። ከአንቺ ጋር አርባ ስድስት ዓመት ስኖር ስንት ጊዜ ሳላሰላ ልክ ነኝ ብያለሁ? ይህን ለመቁጠር አልሞከርኩም።

ኀሙስ ዕለት ማረሚያውን በገጹ ላወጣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ዘበኛው አንዷለም በሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ጋሼ ይሥሐቅ፣ ዕረፍት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ለግማሽ ሰዓት ክፈትልኝ።»

«አልችልም።»

«የሰው ስም አጥፍቼ ነው። መመለስ አለብኝ።»

«ያሳዝናል። ግን ቁልፉ የሚወጣው በርእሰ መምህሩ ፊርማ ብቻ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ግማሽ ሰዓት ነው ያልኩህ!»

ሳቁን መያዝ አቃተው። «አምና ለቤቴ ክዳን አንድ ሸክም ሣር ጎድሎኝ ጓሳ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ለተገኘ ሹክ ይበሉልኝ ብዬ ለምኜዎት ነበር። ምን አሉኝ?»

ያልኩትን አስታውሳለሁ። ለግማሽ ቀን እንኳ የሚላላ ሕግ ሕግ አይደለም ብዬዋለሁ። ዞርኩ። አጥሩን ይዤ ቁልቁል ስወርድ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ትንሽ ቀለለኝ። ለምን መሰለሽ? ገጹ ቢከፈት ኖሮ ሁለት መስመር ጽፌ ነገሩን እጨርሰው ነበር። የተገኘን ፊት ሳላይ። አሁን ግን የቀረኝ እግሬ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ንፋሱ ፊት ለፊት ነበር። ቤታቸው ስደርስ የተገኘ ሚስት አማከለች ገብስ ታሰጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ስልክ ይዘው ከሆነ ውጭ ይተዉት። ቤታችን አይጻፍም።»

«ስልክ የለኝም።»

«እንግዲያው ይግቡ። እርሳስም ካለ እንዲሁ።»

እርሳሱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ትቀልዳለች ብዬ ነበር፤ ተቀብላኝ ከመቀነቷ ሻጠችው።

ተገኘ ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ተነሣልኝ። ምን ቢቀየም ታላቅ ሲገባ ይነሣል፤ እናታችሁ እንዲህ ናት ያሳደገቻችሁ። ቢቀመጥ ይሻለኝ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን አጥፍቼ መጡ?» አለኝ።

«አላጠፋህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አውጥቼ ስሌቱን ላሳየው ጀመርኩ። አምስት፣ አራት፣ የካቲት ስምንት እያልኩ። እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ባሕረ ሐሳብ አላውቅም። ያን ዓመት ግን ጓሳ መከፈቱን በጆሮዬ ሰምቼ ነው የገባሁት። እናቴ ከሚያፈስበት ጥግ ወደማያፈስበት ጥግ ቆዳዋን እየጎተተች ነበር። ቢዘጋም እገባ ነበር ብዬ ለመዋሸት ሞክሬያለሁ፤ በጥቅምት፣ በንዴት። ግን አልገባም ነበር። ተከፍቶ ነው የገባሁት። ለምን መጥተው አልጠየቁኝም?»

አረጋሽ፣ ደብተሬን ጠየቅሁ እንጂ እሱን አልጠየቅሁም። ቤቱ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

አማከለች ጠላ አቀረበች፤ አስቀድማ ለእሱ ቀዳች፣ ከዚያ ለእኔ። ተገኘ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና፦

«ስንት ሰው ነው ያነበበው?»

«አራት መቶ ዐሥራ ሁለት። ጽናት የሚቆጥረውን አሳይታኛለች።»

«ታዲያ ለእኔ ለአንዱ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል?»

«እሑድ ሰንበቴ ና።»

«አልመጣም።»

«እኔ እናገራለሁ። አንተ ብትፈልግ ስማ፣ ባትፈልግ ተው።»

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ተሰበሰበ። ተገኘ መጣ፤ ከበሩ አጠገብ ከሁሉም በታች ተቀመጠ። ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሣሁ። ዘንጌን ይዤ ነው የቆምኩት። የተናገርኩት አጭር ነበር፦ «በጥቅምት ስለ ተገኘ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ጓሳ ከተከፈተ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው ያጨደው። ስሌቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ሽማግሌ ሊረዱኝ ብለው ነው መሰለኝ፣ «ኮምፒዩተሩ አሳስቶህ ይሆናል» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አዎ ብል ሁሉም አምኖ ነገሩ እዚያው ባለቀ። በዚያች ቅጽበት አዎ ማለት ምን ያህል እንዳማረኝ ለአንቺ ብቻ እነግርሻለሁ።

«አይደለም» አልኩ። «ኮምፒዩተሩ የነገርኩትን ነው የጻፈው። ተገኘ፣ ይቅር በለኝ።»

ቄሱ ወደ ተገኘ ዞሩ። ተነሥቶ፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት፤ እኔም ብያለሁ» አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም ነበር፤ አልዋሽሽም። ዳቦ ሲቆረስ ከአጠገቤ አልተቀመጠም። ወጥተን ከደጀ ሰላሙ ስንለያይ ተከትሎኝ መጣና እርሳሴን መለሰልኝ። እንዲህ አለኝ፦ «ለእኔ ነገሩኝ። ለሕዝብ ነገሩ። የቀረችው እኅቴ ናት። እኔ ደውዬ ታረቅን አልላትም። ራስዎ ይንገሯት።»

ይኸው ነገርኩሽ።

ማረሚያው የካቲት ዘጠኝ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ጠዋት ይወጣል። አንቺ ብትመጪም ባትመጪም ይወጣል፤ የተገኘ መብት ነው፤ በመካከላችን ባለው ነገር አላስይዘውም። ረቂቁን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። አንብቢውና የሚወጣ ቃል ካለ በእርሳስ ሰርዢው። ለትሕትና ብትነግሪያትም በስልክ ለጽናት ታደርስልኛለች። እስከ ዛሬ ያወጣሁትን ሁሉ አንቺ የሰማሽው ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው አፍ፣ ያውም ሐዋሳ ሆነሽ። ከዚህ በኋላ የሰው ስም ያለበት ጽሑፍ አንቺ ሳትሰሚው ከዚህ ቤት አይወጣም። እዚህ ብትሆኚ ከምድጃው አጠገብ አነብልሻለሁ። እዚያ ብትሆኚ በደብዳቤ እልካለሁ፤ ጽሑፉም መልስሽ እስኪደርስ ይቆያል።

ልምጣ ወይስ አልምጣ የሚለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ይቅርታሽን ለማግኘት ብዬ ቀን አልቆርጥብሽም። ነገር ግን ነገሩን ማወቅ አለብሽና ልንገርሽ፦ ሰኞ ጾም ይገባል። የቅበላው ሳምንት ይህ ነው። አንቺ በስም የምትጠሪውን ግንባረ ነጩን ጠቦት ሁለት ጊዜ ገዢ መጥቶለት አልሸጥኩትም፤ ብቻዬን ደግሞ አላርድም። እየሩስም ትምህርት ቤቷ በዚህ ሳምንት ዕረፍት ላይ እንደሚሆን ቀድማ ጽፋልኝ ነበር። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ፤ የሚበላ ግን አይደለም። የበግ ጠጉር ባናዬ በትከሻው በኩል ተቀዶ እኔው ሰፋሁት፤ ስፌቱን ያየ ሁሉ ማን ሰፋልህ ይለኛል፤ ለማድነቅ አይደለም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ በልጅሽና በልጅ ልጅሽ ደስታ ያኑርሽ። የረገጥሽው መንገድ ሁሉ የሰላም ይሁን፤ ወደዚህም ቢሆን ወደዚያ።

ከደብረ ብርሃን የሚመጣው አውቶቡስ ሞላሌ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዓርብ እስከ እሑድ በየቀኑ ከማቆሚያው እቆማለሁ። ሰው ምን ትሠራለህ ቢለኝ ጨው ልገዛ መጥቼ ነው እላለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አልልም። ሚስቴን እየጠበቅሁ ነው እላለሁ።

ባለቤትሽ
ይሥሐቅ ዓምደሚካኤል